ጋርመንት ልትከፍቱ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጋርመንት (ልብስ ስፌት) ፋብሪካ የገባሁት በጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ከዚያ የላይን፣ ማለትም ልብሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የሚሰፋበት መስመር፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። አሁን ደግሞ ፋብሪካ ለመክፈት የሚያስቡ ሰዎች "እስቲ ሂሳቡን እዪልኝ" እያሉ ይደውሉልኛል። የሚልኩልኝ ሂሳብ ሁሌም ይመሳሰላል። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ማሽኑ በሙሉ አቅሙ ይሰራል፣ ጨርቁ በቀኑ ይደርሳል፣ ሰራተኛዋ አትለቅም። እኔ ካየሁት ፋብሪካ አንዱም እንዲህ አልሄደም። ስለዚህ በየስልኩ የምደጋግመውን እዚህ ላስቀምጠው።

"ጉልበት ርካሽ ነው" ብሎ መጀመር

የስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አጥንተው ነበር። የጀማሪ ሰራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ አገኙት፤ ያኔ 750 ብር ገደማ። በዚያው ጊዜ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር ነበር። የኛ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር። ባለሀብትም የተጠራው በዚህ ቁጥር ነበር።

እስቲ በእስክሪብቶ እንስራው። አንድ ሸሚዝ ለመስፋት የሚያስፈልገው ጊዜ፣ በሙያው ሳም የምንለው፣ 20 ደቂቃ ነው እንበል። ላይኑ ላይ 40 ሰው አለ፣ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። 19,200 ደቂቃ አለን ማለት ነው። አንድም ደቂቃ ሳይባክን ቢሰራ 960 ሸሚዝ ይወጣል። ግን እንደዛ የሚሰራ ላይን የለም። አዲስ ሰራተኛ የበዛበት ላይን 40 በመቶ ላይ ቢንከላወስ 384 ሸሚዝ ያወጣል። ልምድ ያላት የዳካ (የባንግላዴሽ ዋና ከተማ) ላይን 65 በመቶ ብትሰራ 624 ታወጣለች።

አሁን የዚያን ጊዜውን ደመወዝ አካፍሉት። በወር 26 ቀን ቢሰራ የኛዋ በቀን 1 ዶላር፣ የዳካዋ 3.65 ዶላር ታገኛለች። በሸሚዝ ሲታሰብ የኛ 10 የዶላር ሳንቲም፣ የነሱ 23 ሳንቲም ይመጣል። የደመወዙ ልዩነት ከ3 እጥፍ በላይ ነበር። ሸሚዙ ላይ ሲደርስ የቀረው 13 የዶላር ሳንቲም ብቻ ነው።

እሱም የሚቆየው ዕቃው በቀኑ ከወጣ ነው። ቀኑ ካለፈ ባየሩ፣ ማለትም ልብሱን ያዘዘው ገዢ፣ "በአውሮፕላን ላኩልኝ፣ ወጪው በናንተ" ይላል። ሸሚዙ 250 ግራም ቢመዝንና ጭነቱ በኪሎ 4 ዶላር እንኳ ቢሆን፣ አንድ ሸሚዝ 1 ዶላር ይበላል። በ13 ሳንቲም ጥቅም 1 ዶላር መክፈል ማለት ነው። ይህንን ሂሳብ ሳይሰሩ ማሽን ያዘዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝኑኛል።

ሰራተኛ ስትለቅ "ሌላ ትመጣለች" ማለት

እዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ያንን 40 በመቶ የሚፈጥረው ይሄ ነው።

ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ብላትማንና ደርኮን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 5 ድርጅቶች ላይ የስራ አመልካቾችን በዕጣ ቀጥረው ተከታትለዋል። አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። በዓመቱ 77 በመቶው ሄዷል። የሀዋሳው ጥናትም በመጀመሪያው ዓመት ፋብሪካዎቹ በአማካይ ሰራተኛቸውን ሁሉ እንደ አዲስ ተክተዋል ይላል። "የስራ ባህል የለም" የሚለው መልስ ያናድደኛል። ሰው ሂሳብ ያውቃል። ከወላይታ ወይም ከሲዳማ ገጠር የመጣች ልጅ ሀዋሳ ላይ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ትከራያለች። የቤት ኪራይ፣ ምግብና ሳሙና ከተነሳ በኋላ ለእናቷ የምትልከው ካልቀረ ለምን ትቆያለች? ፓርኩ የተገነባው ለ60 ሺህ ሰራተኛ ታስቦ ነው፤ ለ60 ሺህ ሰው የሚሆን ቤት ግን አብሮ አልተገነባም። ሼዱ በወራት ውስጥ ተተከለ፣ ማደሪያው ወደኋላ ቀረ።

አሁን ላይኑን አስቡ። ኮሌታ የምትገጥመዋ ኦፐሬተር ሰኞ ጠዋት አልመጣችም። ኮሌታ ቀላል ስራ አይደለም፣ እጅ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ከሷ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሱፐርቫይዘሩ ታርጌቱ ስላልሞላ ይጮሃል። የተጮኸባት ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ አትመጣም። እኔ ራሴ ጮሄ አውቃለሁ። እንደማይጠቅም የገባኝ ሁለት ጥሩ ልጆች ካጣሁ በኋላ ነው፣ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ምን ይደረግ? የሰራ አይቻለሁ። ሰርቪስ መኪና፣ በተለይ የማታ ሺፍት ላይ፣ ምክንያቱም በጨለማ ወደ ቤት መሄድ አንዷ የመልቀቂያ ምክንያት ነው። ቁርስና ምሳ ፋብሪካው ውስጥ። በ3ኛውና በ6ኛው ወር የታወቀ የደመወዝ ጭማሪ፣ በአለቃ ፈቃድ ሳይሆን በተጻፈ ደንብ። ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ መጠበቅን ማስቀረት። የለቀቀችን ልጅ ደውሎ "ለምን ሄድሽ?" ብሎ መጠየቅ፤ ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ የሚያደርገው ፋብሪካ ግን በጣም ጥቂት ነው።

ሱፐርቫይዘር ከውጭ አምጥቶ በዚያው መቅረት

ፋብሪካ ሲከፈት ከህንድ ወይም ከስሪላንካ ባለሙያ ማምጣት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከ5 ዓመት በኋላም እነሱ ብቻ መኖራቸው ነው። እኔ የጀመርኩበት ፋብሪካ ውስጥ አለቃው እንግሊዝኛ ይናገራል፣ ግማሹ ላይን ሲዳምኛ፣ ሌላው ወላይትኛ፣ አማርኛ የሁሉም ግማሽ ግማሽ ነው። መሃል ላይ የሚያስተረጉም ስለሌለ መመሪያው በጣትና በጩኸት ነበር የሚተላለፈው። ስፌቱ ለምን እንደተበላሸ የሚያስረዳሽ የለም፤ ፍቺው ብቻ ትባያለሽ።

የባንግላዴሽን ታሪክ ለዚህ ነው የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴሽ ጋርመንትስ የሚባል ድርጅት ከደቡብ ኮሪያው ዴዉ ጋር ተዋውሎ 130 ሰው ኮሪያ ላከ። ቡሳን ላይ 6 ወር ያህል ስፌቱን፣ ጥራት ቁጥጥሩን፣ የግዢውንና የኤክስፖርቱን ወረቀት ሳይቀር ተማሩ። ሲመለሱ አብዛኞቹ ከዓመታት በኋላ ዴሽን ለቀው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌላ ዘንድ ገቡ። ለዴሽ ያኔ ኪሳራ ይመስል ነበር። ለአገሩ ግን ዛሬ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚሰራበት ዘርፍ መነሻ ሆነ። እኛ ሀዋሳ ላይ ብዙ ሺህ ልብስ ሰፊዎች አፍርተናል። ትዕዛዝ መደራደር፣ ዋጋ መተመን፣ ላይን ባላንስ ማድረግ (ስራውን በላይኑ ሰራተኞች መካከል ማመጣጠን) የሚችሉት ግን ጥቂት ናቸው። ባለሀብቱ ሲወጣ እውቀቱም አብሮት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ቀን አለመቁጠር

ብዙ ሰው ዋጋ ይቆጥራል፣ ቀን አይቆጥርም። ጨርቁ ከቻይና ወይም ከህንድ፣ ዚፑ ከሌላ፣ ቁልፉ ከሌላ ይመጣል። መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጉምሩክ፣ መኪና። ከጅቡቲ ሀዋሳ በመኪና ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ባቡሩም አዲስ አበባና አዳማ እንጂ ሀዋሳ አይደርስም። ከዚያ ተሰፍቶ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የአንድ ካርቶን ቁልፍ መዘግየት ሙሉ ትዕዛዝ ያስቆማል፤ ጨርቁ ተቆርጦ፣ ሰፊዎቹ ተቀምጠው።

"ጥጥ አለን እኮ" ይሉኛል። አለን። አዋሽ፣ ሁመራ፣ መተማ፣ ኦሞ። ለጥጥ የሚሆነው መሬት ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሆነ ይነገራል፣ የሚለማው ግን ከዚያ ትንሿ ቁራጭ ናት። ከጥጥ እስከ ሸሚዝ ደግሞ መዳመጫ፣ ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለሚያ አለ። አንዱ ከደከመ ሁሉም ይደክማል። አንድ ትንሽ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጥጥ ለቃሚው በማዳበሪያ ጆንያ ይሰበስባል። ከጆንያው የተመዘዘ ነጭ የፕላስቲክ ክር ጥጡ ውስጥ ይቀራል። ፈትል ሲሆን አይታይም። ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ሲቀለም ፕላስቲኩ ቀለም አይቀበልምና ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል፣ የጨርቁ ጥቅልም ተቀባይነት ያጣል። መፍትሄው የጨርቅ ከረጢት ነው። ማሽን ሳትገዙ ከፈትል ፋብሪካው ጋር ስለዚህ ከተነጋገራችሁ ብዙ ትድናላችሁ።

በአንድ ገበያ ላይ መንጠልጠል

አጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ለኛ ጋርመንት ኦክስጅን ነበር። አሜሪካ የጥጥ ቲሸርት ላይ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሰራሽ ክር ሹራብና ቲሸርት ላይ 32 በመቶ ድረስ መደበኛ ቀረጥ ታስከፍላለች። በአጎዋ ዜሮ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ታገደች። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን የልብስ ብራንዶች የያዘው የአሜሪካው ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ላይ፣ የሀዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ከጦርነቱ ጋር ምንም የማይገናኙ ልጆች ስራ አጡ።

ሌሶቶም ጂንስ እየሰፋች በአጎዋ ላይ ቆማ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 አሜሪካ 50 በመቶ ታሪፍ ስታውጅባት ቁጥሩ በኋላ ቢቀነስም ትዕዛዙ ቶሎ ሸሸ።

የፖለቲካውን ውሳኔ ፋብሪካ አይለውጠውም። የትዕዛዝ ክፍፍሉን ግን ይለውጣል። የአውሮፓ ገበያ ለኛ ያለ ቀረጥ ክፍት ነው፣ ጨርቁ ከየትም ቢመጣ ስፌቱ እዚህ እስከሆነ ይቀበላል። የአገር ውስጥም አለ፦ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የስራ ልብስ፣ የሆስፒታል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን የውጭ ትዕዛዝ በጠፋበት ወር ላይኑን ያቆየዋል።

ጥራትን መጨረሻ ላይ ማየት

በአጭሩ። ጨርቁ ከጥቅሉ እንደተፈታ አትቁረጡት። ሹራብ ጨርቅ ጥቅል ላይ ተወጥሮ ነው የሚመጣው፣ 24 ሰዓት ተዘርግቶ ማረፍ አለበት። እኔ በነበርኩበት አንድ ፋብሪካ ለቀን ሲሉ ይህንን ዘለሉ፣ ላርጅ የተባለው ከታጠበ በኋላ ሚዲየም ሆነ። የተሰበረ መርፌም ስብርባሪው በሙሉ ተገጣጥሞ ሳይታይ አዲስ መርፌ አይሰጥም፣ የሕፃን ልብስ ከሆነ በተለይ።

ስንጥቁን አይቶ ማለፍ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ሳቫር ላይ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ 8 ፎቅ ህንጻ ተሰነጠቀ። ታች ያለው ባንክ ሰራተኞቹን ወደ ቤት ላከ። ላይ ያሉት ጋርመንቶች በማግስቱ ሰራተኞቻቸውን አስገቡ። ትዕዛዝ ነበራ። ህንጻው ወደቀ፣ 1,134 ሰው ሞተ። የላይኞቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ፣ ከባድ ጄነሬተሮችም እዚያው ነበሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመኖሪያ ወይም ለቢሮ የተሰራ ህንጻ 3ኛ ፎቅ ላይ 60 ማሽን የደረደሩ ቤቶች አይቻለሁ። የደረጃው በር በካርቶን ተዘግቷል፣ ሌላኛው ጨርቅ እንዳይሰረቅ ተብሎ ተቆልፏል። እባካችሁ፣ ስራ ሰዓት ላይ ምንም በር አይቆለፍ። ጨርቅ ቢሰረቅ ጨርቅ ነው። ህንጻውም ማሽኑን መሸከም እንደሚችል መሐንዲስ አይቶ ይፈርም፣ ከመግባታችሁ በፊት።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ላይ ኮሮና ሲመጣ ትልልቅ ብራንዶች ያዘዙትን ሰረዙ። ባንግላዴሽ ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትዕዛዝ ተሰረዘ ወይም ታገደ። አንዳንዱ ተሰፍቶ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ነበር። ፋብሪካው ጨርቁን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ደመወዝ ከፍሎ፣ ገንዘቡን የሚያገኘው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ስለነበር ብዙዎቹ የመጋቢት ደመወዝ መክፈል አቃታቸው።

ባየሩ የሚልክላችሁን ውል ስትቀበሉ የመሰረዝ አንቀጹን ፈልጉ። ጨርቅ ከተገዛ በኋላ ቢሰርዝ ጨርቁን ይከፍላል? ከተቆረጠ በኋላስ የስፌቱን ስንት በመቶ? መልሱ ውሉ ውስጥ ከሌለ አስጨምሩ፣ እምቢ ካለ ቢያንስ የጨርቁን ዋጋ ቅድሚያ ጠይቁ። ለመጀመሪያ ትዕዛዝ ኤልሲ (የገዢው ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሳይከፈት መቀስ አታንሱ።