ስትረስ ቴስት አልፎ ሜኑ ላይ የሚወድቅ ግራፊክስ ካርድ

ግራፊክስ ካርዴን ኦቨርክሎክ ካደረግኩት (ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ካስተካከልኩት) ወዲህ ያስቸግር ጀመር። የሚገርመው ከባዱን ስትረስ ቴስት (ካርዱን በከባድ ሥራ የሚፈትን ፕሮግራም) ያልፋል። የጌሙ ሜኑ ላይ ግን ስክሪኑ ይጠቁርና ጌሙ ይዘጋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከባድ ሥራ ላይ የካርዱ የኃይል ገደብ የኮሩን (የዋናውን ቺፕ) ፍጥነት ዝቅ ያደርገዋል። ሥራው ሲቀል ግን ካርዱ እስከ ከፍተኛው ፍጥነቱ ይወጣል፤ የሚወድቀውም እዚያ ነው።

ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለስኩ፤ ችግሩ ጠፋ። ከዚያ ኮሩን ብቻ በ15 በ15 ሜጋኸርዝ እየጨመርኩ በቀላል ጌም ሞከርኩ። ጭማሪው 120 ሲደርስ ወደቀ፣ 90 ላይ ተውኩት።

ተንኮለኛው ሜሞሪው ነው! የእሱንም ፍጥነት ስጨምር በጂዲዲአር6 (የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ዓይነት) ላይ ስህተት ሲገኝ ዳታው በድጋሚ ሊላክ ይችላል። ያኔ ምንም ሳይዘጋ ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ የሜሞሪውን ፍጥነት ፍሬም ሬቱ መውረድ ከጀመረበት በደንብ ዝቅ አድርጌ አቆምኩ። ዊንዶውስ ሲከፈት ፕሮፋይሉ (ያስቀመጥኩት የኦቨርክሎክ ሴቲንግ) በራሱ እንዲጫን ግን ገና አልፈቀድኩለትም።