ልጅና ድመት ባለበት ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች

በቤተሰባችን ሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ። አንዱ ባሕር ዳር እኔ ቤት ያለው፣ ከፊት የሚከፈት አውቶማቲክ ነው። ሌላው ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ነው ያለው፤ በአንድ ጎኑ ያጥባል፣ በሌላው ይጨምቃል፣ ውሃ የሚሞላለት በባልዲ ነው። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ድመትም አለን። የእኔን ማሽን ስገዛ ሻጩ «ቻይልድ ሎክ አለው፣ ስለ ልጁ አታስቢ» አለኝ። እኔም ወራት ሙሉ አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ ከጓሮ ስመለስ ልጄ እስከ ወገቡ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ እግሩ ብቻ ውጭ ቀርቶ አገኘሁት። «እማ፣ ጎጆ!» እያለ በደስታ ይጮሃል። ድምፁ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ማሽኑ ላይ የቁልፍ ምልክቷ በርታለች፤ ቻይልድ ሎኩ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎትቼ አወጣሁትና እዚያው መሬት ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ መመሪያውን አነበብኩ፣ ጠጋኞች ጠየቅኩ፣ የጎረቤትም የዘመድም ማሽን እየሄድኩ አየሁ።

ቻይልድ ሎክን የበር ቁልፍ አድርጎ ማሰብ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ቻይልድ ሎክ የሚይዘው መጫኛዎቹን ነው። ልጅ ማሽኑ እየሠራ ፕሮግራም እንዳይቀይር ተብሎ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ላይማ ማብሪያና ማጥፊያውን እንኳ አይዝም። በሩን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። በሩ የሚገጥምበት ቦታ ውስጥ የተደበቀ የኤሌክትሪክ መቆለፊያ አለ፤ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር «ቀጭ» ብሎ ይይዛል፣ ሲጨርስ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ማሽኑ ቆሞ ባለበት ሰዓት፣ ማለትም የቀኑን አብዛኛውን ክፍል፣ በሩን የሚይዘው ምንም ነገር የለም።

አሁኑኑ ተነሱና ሞክሩት። የቁልፍ ወይም የሕፃን ፊት ሥዕል ያለበትን መጫኛ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ሁለት መጫኛ አንድ ላይ የሚያስፈልገውም አለ። ምልክቱ ሲበራ በሩን ሳቡት። ከተከፈተ፣ የእናንተም እንደ እኔው ነው።

ልጅ ገብቶ በሩ ከተዘጋበት ነገሩ ከባድ ነው። ውሃ እንዳያፈስ የተገጠመው ጎማ አየርም አያስገባም። ድምፅም አፍኖ ያስቀራል። በደቡብ ኮሪያ አንድ ልጅ እንዲህ ከሞተ በኋላ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማሽኖች በራቸው ከውስጥ ተገፍቶ እንዲከፈት በነፃ እንዲስተካከል ጥሪ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ «ቻይልድ ሎክ አለው?» ብላችሁ አትመለሱ። «በሩ ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ እጃችሁን አስገብታችሁ፣ ሌላ ሰው በሩን ገጥሞላችሁ፣ ራሳችሁ ግፉት።

«በሩ ክፍት ካልተተወ ማሽኑ ይሸታል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ የታፈነ ጎማ ይሻግታል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ እንደጨረስኩ የጎማውን እጥፋት ገልጬ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ልጁ እስኪተኛ በሩን እዘጋለሁ፣ ማታ ደግሞ ከፍቼ አሳድራለሁ። የመታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ደግሞ የልጅ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ። ተራ መቀርቀሪያ ነው፤ ከቻይልድ ሎኩ የበለጠ የሠራልኝ እሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን እንዳለ ትቶ ሌላ ሥራ መጀመር

መብራት ሄደ፤ ማሽኑ ልብሱን እንደያዘ ቀጥ አለ። እኛም «ሲመጣ ይጨርሳል» ብለን ቡና እናቀራርባለን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የበር መቆለፊያዎች በኤሌክትሪክ ሙቀት ስለሚይዙ መብራቱ ከሄደ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ቀዝቅዘው ይለቃሉ። ልጅ የማይከፍተው የነበረ በር አሁን ይከፈታል፣ ውስጡም ውሃ አለ፣ በ60 ወይም በ90 ዲግሪ እያጠባችሁ ከነበረ የሚያቃጥል ውሃ። ሁለተኛ፣ መብራቱ ሲመጣ ብዙ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ማንንም አይጠይቅም።

እናቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋ መጭመቂያው ውስጥ እያለ መብራት ሄደ። ክዳኑን ከፍታ ነጠላውን መጎተት ጀመረች። የእናቴ ማሽን ሰዓቱ የሚዞረው በሞላ ስለሆነ መብራት ባይኖርም ቆጠራውን ቀጥሏል፣ ገና አላለቀም። ግማሹን እንዳወጣችው መብራቱ ብልጭ ብሎ መጣ። መጭመቂያው ጓ ብሎ ተነሣ፣ ነጠላው ከእጇ ተመንጭቆ ገባ። ጥለቱ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር ጥሎባት ሄደ። ያ ነገር በደቂቃ ከ1000 ዙር በላይ የሚዞር ነው። ጣቷ ላይ ተጠምጥሞ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስበው እስከ ዛሬ ሆዴ ይርበተበታል።

መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉት። የሞላ ሰዓት ያለውን ወደ ዜሮ መልሱት። ቡናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መቆለፊያውን «ዳይሬክት» ማስደረግ

ክዳኑ ተከፍቶ መጭመቂያው እንዴት ዞረ? መዞር አልነበረበትም። ክዳኑ ሥር ትንሽ ማቋረጫ አለች፤ ክዳን ሲነሣ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች፣ ፍሬኑም በሰከንዶች ውስጥ ያቆመዋል። የእናቴ ማሽን ማቋረጫ ተበላሽታ ነበርና አንድ ጠጋኝ ሽቦዋን ቀጥታ አገናኝቶ ሄዷል። «ዳይሬክት አድርጌዋለሁ፣ አሁን አያስቸግርም» ነበር ያላት። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ አላስቸገረም።

ይሄ ነገር ከፊት የሚከፈቱት ላይም ይደረጋል። ዕቃው የለም ወይም ውድ ነው ይባልና መቆለፊያው ይዘለላል። እባካችሁ አትፍቀዱ። ልብስ በእጅ አጥቦ አንድ ወር መጠበቅ ይሻላል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ደግሞ ባዶውን አስጀምሩትና ክዳኑን አንሱ። ወዲያው ካላቆመ ወይም ፍሬኑ ላልቶ እየተንከባለለ ከቆየ፣ ሳይስተካከል ቤት አይግባ።

ዘፍዝፎ ማሳደር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጣ ቀን ሁሉም ነገር ይሞላል። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ከላይ የሚከፈተው ማሽን ሳይቀር። ጋቢ በኦሞ ተዘፍዝፎ እዚያው ያድራል። ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ፊቱን የሚሸፍን አምስት ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ በርጩማ ላይ ቆሞ ካጎነበሰ በጭንቅላቱ ይገባል፣ ተመልሶ መውጣት አይችልም። ሲሰጥም ደግሞ አይጮህም። ጋቢው መዘፍዘፍ ካለበት ክዳን ባለው ባልዲ፣ በሩ በሚቀረቀር ክፍል ይሁን። ማሽኑ አጠገብ ያለውን በርጩማም አንሱት።

ድመቷ የት እንዳለች ሳያዩ መጫን

ድመት ሙቀትና ጨለማ ትወዳለች። ክረምት ላይ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ያለውን ብርድ የምታውቁ ይገባችኋል፣ ለድመት ልብስ የሞላበት ማሽን ከምድጃ ዳር አይተናነስም። ማሽኑ የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው፤ ሦስት ኪሎ ድመትና ሦስት ኪሎ ጋቢ ለእሱ አንድ ናቸው። ቻይልድ ሎክም እዚህ ላይ አይረዳም፣ መጫኛውን የምንጫነው እኛው ነንና።

የእኛ ሕግ ቀላል ነው። ልብሱን ከመጨመሬ በፊት እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ሆዱን አንድ ዙር አዞረዋለሁ። ልብስ ጨምሬ ስልክ ከተጠራና ሄጄ ከተመለስኩ፣ እንደገና። ከዚያ ድመቷን በዓይኔ አያለሁ። ካላየኋት አልጫንም። አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ሙሉ ፈልጌ አልጋ ሥር አገኘኋት፤ አሥሩ ደቂቃ አልቆጨኝም።

ገብታ ብታገኟት አስቁሙና ውሃውን አስወጡ፤ ውሃ እያለ ብዙ ማሽን በሩን አይለቅም። ስትወጣ ሳሙናውን በለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ አስለቅቁላት፤ ካልሆነ ጸጉሯን እየላሰች ትውጠዋለች። ደህና ብትመስልም የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት።

ድመቷን ያመጣናት ለአይጥ ነው አይደል? አይጥ ከማሽኑ ሥር ገብታ ሽቦ ትበላለች። በወር አንድ ጊዜ ነቅላችሁ ከኋላና ከሥር በባትሪ እዩት። ሲነኩት የሚነዝር ማሽን ላይ ጨርቅ ወይም ጫማ መላ አይሆንም፣ ንቀሉትና ባለሙያ ጥሩ። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት ሁለት እግር ባለው ማገናኛ አትሰኩ፤ ሦስተኛዋ የመሬት መስመር ናት፣ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመውን ልጅ የምታድነው እሷ ናት። እሷም ብትሆን የምትሠራው የቤቱ መስመር እውነት መሬት ውስጥ ከገባ ብቻ ነውና አስመርምሩ።

በረኪናን ሃይላንድ ውስጥ ማስቀመጥ

ማሽኑ አጠገብ ያለው ከማሽኑ ያልተናነሰ አደጋ አለው። በረኪና በውሃ ላስቲክ ተገዝቶ ይመጣል፣ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። የጠማው ልጅ ሃይላንድ ያየ ቀን ውሃ ነው ብሎ ያነሣዋል። በራሱ ዕቃ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥሙትና ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

በትኩስ የማሽን ውሃ ለተቃጠለ ልጅ ደግሞ ኮልጌትም ቅቤም አትቀቡ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካኑ እያፈሰሳችሁ።

የድንገተኛ መክፈቻውን ሳያውቁ መቆየት

በብዙ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ታች ፊልተሩ ያለበትን ትንሽ ክዳን ስትከፍቱ የምትሳብ ገመድ ወይም ምላስ አለች። በሩን በእጅ የምታስለቅቀው እሷ ናት። ሁሉም ላይ የለችምና ዛሬ ፈልጓት። ልጅ ውስጥ እያለ ማሽኑ ከጀመረ፦ ንቀሉ፣ በሩን ሳቡ፣ ካልለቀቀ ገመዷን ሳቡ። እሱም እምቢ ካለ ለማሽኑ አይታዘንም፣ ባገኛችሁት ብረት መቆለፊያውን ገንጥሉት።

አሮጌውን ማሽን በሩን ሳይፈቱ ግቢ ውስጥ መጣል

የማይሠራ ማሽን የልጆች መደበቂያ ነው። አሜሪካ በ1956 እ.ኤ.አ. ፍሪጅ ከውስጥ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው ልጆች በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ እየታፈኑ ሲሞቱ ነው። የተጣለ ማሽንም ያው ነው። ገመዱን ቁረጡ፣ በሩን ፍቱ፤ ጥቂት ብሎን ነው። የጎረቤቴን አሮጌ ማሽን ባለፈው ሳምንት በካቻቢቴ ፈታንላት። የበሩ መስታወት ጎድጓዳ ስለሆነ አሁን የዶሮዎቿ ውሃ መጠጫ ነው።