ልብን የሚጎዳ ጭስና በየቤታችን የማያቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በግፊትና በልብ ሕመም ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። "ጭሱ ዓይኔን ፈጀው" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። "ጭሱ ልቤን ጎዳው" ያለኝ ግን የለም። ስለዚህ በተደጋጋሚ የማያቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

ጭስን የዓይንና የሳንባ ጉዳይ ብቻ ማድረግ። በጭስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከፀጉራችን 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል። አፍንጫ አያስቀረውም። ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል፣ ጥቂቱም ወደ ደም ያልፋል። ያኔ የደም ሥር ይቆጣል፣ ይጠባል። ደም ለመርጋት ይቀለዋል፣ ግፊትም ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል። ከነዚህ 32 በመቶው የሞቱት በልብ የደም ሥር ሕመም፣ 23 በመቶው ደግሞ በስትሮክ ነው። ግፊት ያለባት እናት መድኃኒቷን በሰዓቱ እየዋጠች፣ ጨው ቀንሳ፣ ግፊቷ አልወርድ ሲል "እንጀራ የምትጋግሪው የት ነው?" ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ፍም የሆነ ከሰል ይዞ መኝታ ቤት መግባት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። የኅዳር ብርዷን የቀመሰ ያውቀዋል። ሰው ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥልና ፍም ሲሆን ማንደጃውን አልጋው አጠገብ አምጥቶ በሩን ይዘጋል። ስንናገር መልሱ አንድ ነው፤ "ጭሱ እኮ አልቋል።" አላለቀም! ያለቀው የሚታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ጤነኛውን ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድለዋል። ልቡ የታመመው ደግሞ በትንሹም ደረቱን ይጨንቀዋል።

ማታ ማታ ደረታቸውን የሚጨንቃቸው አንድ አባት ነበሩ። ቀን ቀን ደህና ናቸው። ልጃቸውን ማታ የት እንደሚተኙ ስጠይቃት "አባባን ብርድ እንዳይመታቸው ማንደጃውን እግራቸው ሥር ነው የማደርግላቸው" አለችኝ። በፍቅር ነው ያደረገችው። ማንደጃው ወጣ፣ ተጨማሪ ጋቢ ገባ፣ ሕክምናቸውም ቀጠለ። የማታው ጭንቀት በጣም ቀለለላቸው። እባካችሁ፣ ማንደጃ ሲገባ በሩም መስኮቱም ይከፈት፤ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ይውጣ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ቶሎ ወደ ደጅ ውጡ።

ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል። መርዝ ነው፣ ተዉት።

"ወተት ጭሱን ያጥበዋል" ማለት። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ ጭሱ ያለው ሳንባና ደም ውስጥ ነው። አይገናኙም።

ነጠላ አፍና አፍንጫ ላይ መጠምጠም። ትልልቁን አቧራ ይቀንስ ይሆናል። ደቃቁ ብናኝ ግን በሽመናው ቀዳዳ ያልፋል።

ጭሱን በአንድ ሰው ላይ መጣል። እንጀራው ሁልጊዜ በአንዲት እናት እጅ የሚጋገርበት ቤት ብዙ ነው፣ ግፊት ቢኖርባትም። ልጆች ተራ ግቡላት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ መብራት ባለ ጊዜ ጋግሩ። ከሌለ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ብዙ ይሻላል፣ እንጨቱም ደረቅ ይሁን።

ቡናውን እርግፍ አድርጎ መተው። ይህንን ማንም አላዘዘም! የወሎ ሰው ያለ ቡና፣ ያለ ዱዓ እንዴት ይውላል? አቦል፣ ቶና፣ በረካው ይቀጥል። በረንዳ ላይ ወይም በር አጠገብ ይፈላ፣ ዕጣኑ ይቀንስ። የዕጣን ጭስም ጭስ ነው። የልብ ታማሚው ከረከቦቱ ራቅ ብሎ ነፋስ ባለበት ይቀመጥ።

ለጤና ብሎ በመኪና መንገድ ዳር መሮጥ። ኮምቦልቻ ላይ ከከባድ መኪናዎች ጀርባ ሲሮጡ የማያቸው ወጣቶች ያሳዝኑኛል። ሲሮጡ ብዙ አየር ይሳባል፣ የናፍጣው ጭስም አብሮ ይገባል። እንቅስቃሴውን አትተዉ፣ የውስጥ ለውስጡን መንገድ ያዙ።

የደረት ሕመምን "ብርድ ነው"፣ "ጨጓራ ነው" ብሎ ማደር። ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ ሕመም እስኪነጋ አይጠበቅም። ዳማከሴና ዝንጅብል እያፈላችሁ ሰዓት አታባክኑ። በሽተኛውን በእግር አታስኪዱት። መኪናም ሆነ ባጃጅ ያገኛችሁትን ይዛችሁ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሱት። የሚወስደው መድኃኒት ካለ አብራችሁ ያዙ። ቤት ውስጥ ከሰል ነድዶ ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩት።