የአንዲቷን ደቂቃ ሥራ ማስተማር፦ አዲስ የተወለደ ሕፃንን ትንፋሽ ማስጀመር በማዋለጃ ክፍል ውስጥ

በሐረር ሕክምና የሚማሩ ተማሪዎች ማዋለጃ ክፍል ሲገቡ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች ረጅም መንገድ ተጉዘው ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ እናቶች ያጋጥሟቸዋል። ሕፃኑ ተወልዶ ሳያለቅስ ቢቀር ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ወይ በራሱ መተንፈስ፣ ወይ በአምቡ ባግ፣ ማለትም ፊት ላይ በሚገጠም ማስክ በኩል በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት፣ አየር ማግኘት መጀመር ይኖርበታል። ይህ በሌክቸር ብቻ እንደማይገባ ከራሴ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤ ፈተናውን አልፌ ነበር፤ የመጀመሪያው ዝም ያለ ሕፃን እጄ ላይ ሲደርስ ግን ማስኩ ከፊቱ ጋር አልገጥም ብሎኝ አየሩ በጉንጩ በኩል እየሾለከ ደረቱ ሳይነሳ ቀረ። ሕፃኑን ያተረፈችው አጠገቤ የነበረችው አዋላጅ ናት።

በታንዛኒያ የሃይዶም ሆስፒታል የታየውም ይህንኑ ያስረዳል። የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች በአሻንጉሊት ላይ ሥራቸው ቢሻሻልም በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ለውጥ አልታየም ነበር፤ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ልምምድ እዚያው በሥራ ቦታቸው ከተጀመረ በኋላ ግን በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። ስለዚህ ልምምዱን ወደ አዳራሽ አይውሰዱት፤ ተማሪው ነገ በሚቆምበት ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት።

የማሠልጠኛ ሞዴል ከሌለዎት ከሸዋ በር ገበያ የተገዛ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ይበቃል። አፉን ከፍተው ለስላሳ ቱቦ በአንገቱ በኩል ያሳልፉ፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ጣቶቹ የተቋጠሩ የእጅ ጓንት አጥብቀው ይሰሩና ደረቱ ላይ አስተኝተው ልብስ ያልብሱት። ማስኩ በደንብ ከገጠመ ልብሱ ከፍ ይላል፤ ካልገጠመ አይንቀሳቀስም። የአሻንጉሊቱ አንገት ወደ ደረቱ ሲታጠፍ ቱቦውም ስለሚታጠፍ፣ ተማሪው ጭንቅላትን በመጠኑ ቀና አድርጎ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ በእጁ ያየዋል። ለልምምድ የሚውለው አምቡ ባግ ለሕፃናት ከሚውለው ተለይቶ ይቀመጥ።

ልምምዱን በዲውቲ ርክክብ ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ተማሪዎችን እያቆሙ ያካሂዱ። አንዱ ሕፃኑን ተቀብሎ በደረቅ ጨርቅ ያደርቃል፣ ጀርባውን ያሻል፤ መተንፈስ ካልጀመረ ማስኩን ገጥሞ «አንድ» ሲል ይጨምቃል፣ «ሁለት፣ ሦስት» ሲል ይለቃል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ትንፋሽ መሆን አለበት። ሌላው በስልኩ ሰዓት ይይዛል፣ ደረቱንም ያያል። ደረቱ ካልተነሳ ማስኩን እንደገና መግጠም፣ ጭንቅላቱን ማስተካከል፣ አፉንና አፍንጫውን ማጽዳት፣ አፉን ከፈት ማድረግ፣ ከዚያም ጠንከር አድርጎ መጨመቅ በቅደም ተከተል ይከተላሉ። ብዙዎች ገና ከመጀመሪያው ጠንክረው ለመጭመቅ ይቸኩላሉ፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የማስኩ አለመግጠም ነው።

ተማሪው ሲሳሳት መሃል ላይ አያቋርጡት። ሲጨርስ ምን እንዳየ፣ ደረቱ በስንተኛው ሴኮንድ እንደተነሳ ራሱ ይናገር፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ያርሙለትና ወዲያው ይድገመው። በታካሚ ፊት እንደሚደረገው ተግሣጽ ተማሪን የሚያደነዝዝ ነገር አላየሁም።

አንድ ተማሪ የእናትየውን ቦታ ይያዝ። በእኛ ማዋለጃ ክፍል በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ «ልጄ ምን ሆነ?» ብላ የምትጠይቅ እናት ስለምትኖር፣ እጁ ሥራውን ሳያቋርጥ በቋንቋዋ አጭር መልስ መስጠትም ከልምምዱ ጋር መማር ያለበት ነው።

በመጨረሻም ተረካቢው ተማሪ ለሕፃናት የሚውለውን አምቡ ባግ አንስቶ የማስኩን አፍ በመዳፉ ደፍኖ ይጭመቀው፤ ግፊት ካልተሰማው ባጉ ያፈስሳልና ይቀየር። ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ሕፃን 1 ቁጥር፣ ለትንሹ 0 ቁጥር ማስክ ጠረጴዛው ላይ መኖራቸውን ካየ በኋላ ብቻ ይፈርም።