አለቃ የሐኪም ወረቀታችሁን አልቀበልም ሲል

አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማህበር ተወካይ ሆኜ ስሠራ በህመም ፈቃድ የተነሳ ብዙ ጭቅጭቅ አይቻለሁ። ሠራተኛው «እውነት አልታመመም» ተብሎ የተሸነፈበትን ግን አላስታውስም። የሚሸነፉት በወረቀትና በቀን ነው። ወረቀቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቀኑ ተሰርዞ ተደለዘ፣ ማህተም የለውም፣ ለማን እንደተሰጠ ማንም አያስታውስም። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ባብዛኛው ስለ ወረቀት ነው፣ አትሰልቹ።

ይሄ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትተዳደሩ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳችሁ ሕግ አላችሁ። የህመም ፈቃድ መብቱ የሚጀምረው ሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ድርጅታችሁ የኅብረት ስምምነት (ማህበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል) ካለው ደግሞ መጀመሪያ እሱን ግለጡ፣ ከአዋጁ የተሻለ ነገር ሊኖረው ይችላል።

ታማችሁ ቀራችሁ እንበል። ሕጉ በማግስቱ አሳውቁ ይላል። አሠሪው መታመማችሁን የሚያውቅ ከሆነ (ለምሳሌ ሥራ ቦታ ላይ ወድቃችሁ ከሆነ) ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከነበረ ይታለፋል፣ እናንተ ግን በዚህ አትተማመኑ። ደግሞ አትደውሉ፣ ጻፉ። «ደውዬለት ነበር» የሚለው ነገር አለቃው «አልደወለም» ካለ እዚያው ያበቃል። አጭር የቴሌግራም ወይም የስልክ መልእክት ይበቃል፦ ታምሜያለሁ፣ ዛሬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ወረቀት አመጣለሁ። አትሰርዙት።

ሐኪም ቤት በመጀመሪያው ቀን ሂዱ። ሁለት ቀን ቤት ተኝታችሁ በሦስተኛው ቀን ብትሄዱ ሐኪሙ ያላያችሁን ቀን እንዲጽፍላችሁ መጠበቅ አይቻልም፣ እና እነዚያ ሁለት ቀኖች «ቀሪ» ሆነው ይቆጠራሉ። ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥር፣ የታከማችሁበት ቀን፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የጤና ተቋሙ ማህተም። አንድ ነገር በጣም አስተውሉ፦ አንዳንዱ ሐኪም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ደግሞ በእኛ ያነበዋል፣ ከዚያ እናንተ ከህመማችሁ ጋር በማይገናኝ ቀን የታከማችሁ ትመስላላችሁ። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጽፉ። ስርዝ ድልዝ ካለው አዲስ ይጻፍላችሁ በሉ።

ስታስገቡ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፒው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቀንና ቁጥር ይደረግበት። አናደርግም ካሉ ፎቶ አንስታችሁ በኢሜይል ላኩት፣ ካስፈለገም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ አደራ ደብዳቤ)። አዎ ያሰለቻል፣ በተለይ ለታመመ ሰው። ቤተሰብ ላኩ።

ጸበል የምትገቡም አላችሁ። እግዜር ይማራችሁ፣ እኔም ገብቼ አውቃለሁ፣ ግን ከደብሩ የሚጻፍ ደብዳቤ የሐኪም ማስረጃ አይደለም። ለዚያ የዓመት ፈቃድ ጠይቁ። በተቃራኒው ደግሞ ሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ሳለ «የዓመት ፈቃድ ፎርም ሙላና ይለፍ» ቢሏችሁ አትፈርሙ። ሁለቱ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ከመጀመሪያው የህመም ቀን አንስቶ ባለው 12 ወር ውስጥ በድምሩ እስከ 6 ወር ነው፣ ተከታታይ ሆነ የተበጣጠሰ። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ደመወዛችሁ 9,000 ብር ከሆነ 9,000፣ ከዚያ 4,500፣ 4,500፣ ከዚያ ዜሮ። የ12 ወሩ ቆጠራ ከመስከረም ወይም ከሐምሌ አይጀምርም። ኅዳር 5 ታመማችሁ ከሆነ ከኅዳር 5 ነው። በታይፎይድ 7 ቀን፣ በወገብ 20 ቀን የወጣችሁት ይደመራል፣ እናንተም በማስታወሻ ያዙት፣ ኤችአር የሚይዘው ለራሱ ነው።

ህመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ ስሌት ይቀየራል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሕክምናው በአሠሪው ነው፣ ለጊዜው መሥራት ካልቻላችሁም እስከ 1 ዓመት ክፍያ አለ፦ 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር 75 በመቶ፣ የቀረው 6 ወር 50 በመቶ። ማሽን ጣቱን የቆረጠው ልጅ በተራ የህመም ፈቃድ ፎርም ወጥቶ አይቻለሁ። ያቺ የመጀመሪያ ቀን ፎርም ላይ «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ» የሚል ካልተጻፈ በኋላ ማስተካከል ጣጣ ነው።

አለቃ ወረቀቱን ከተጠራጠረስ? ቀዶ መጣል አይችልም፣ ማጣራት ግን ይችላል። ለሐኪም ቤቱ ጽፎ ሊጠይቅ ይችላል። በበቂ ምክንያት ሌላ ቦታ ተመርመሩ ካላችሁም ሂዱ፣ ያለ ምክንያት እምቢ ማለት በሕጉ የሠራተኛ ጥፋት ነው። የኤችአይቪ ምርመራ ብቻ ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱን ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። ወጪውን ማን እንደሚችል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ወረቀቱ ከመንገድ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ማህበርም ጠበቃም አያድናችሁም፣ እኔ ራሴ እንዲህ ዓይነቱን ጉዳይ ይዤ ፊቴ ቀልቷል።

«ቀሪ» ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚከረው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣችሁ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ወዲያውኑ፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ጊዜ፣ ያሰናብታል። ብዙ ሰው ተናዶ ደብዳቤውን አልቀበልም ይላል። ተቀበሉ። «ደርሶኛል፣ በይዘቱ ግን አልስማማም» ብላችሁ ፈርሙ፣ ከዚያ በነጋታው የሐኪም ወረቀቱን ኮፒ አያይዛችሁ መልስ ጻፉ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ሥራ መመለሱ። ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብሎ ይጽፋል፣ ኤችአር «እኛ ጋ ቀላል ሥራ የለም» ብሎ ይመልሳል፣ ሠራተኛው መሃል ላይ ያለ ደመወዝ ይንገላታል። ጥፋቱ ቃሉ ላይ ነው። ለሐኪሙ የሥራ ዝርዝራችሁን አሳዩት፣ «ስቶር ኪፐር» ስትሉት ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጡ ይመስለዋል እንጂ ኩንታል እንደምትገለብጡ አያውቅም። «ከ10 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ፣ ለ2 ወር» ወይም «የሌሊት ፈረቃ እንዳይገባ እስከዚህ ቀን» ብሎ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን አለቃ የሚመልሰው ጥያቄ ጠበብ ይላል።

ድናችሁ ሳለ «አንተ ለሥራ ብቁ አይደለህም» ከተባላችሁ ደግሞ «ሥራ መጀመር ይችላል» የሚል ወረቀት አውጡ፣ ዕረፍቱ ባለቀ ማግስት በሰዓቱ በር ላይ ተገኙ፣ ለሥራ ዝግጁ መሆናችሁን በደብዳቤ አስገቡ። ጥበቃው ከመለሳችሁ ሰዓቱንና አብሯችሁ የነበረውን ሰው መዝግቡ። ቤት ተቀምጦ ስልክ መጠበቅ «ሥራውን ትቶ ሄደ» ያስብላል።

በጤና ምክንያት ማሰናበት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን ሠራተኛው ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሲሆን ነው፣ ያውም በቅድመ ማስታወቂያ ጊዜ፦ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር። «ለጊዜው አይችልም» የሚል የክሊኒክ ወረቀት «ለዘለቄታው» ማለት አይደለም። የሕክምና ቦርድ (የሐኪሞች ጉባኤ) ውሳኔ አለ ካሏችሁ ኮፒውን ጠይቁ። ቋሚ የአካል ጉዳት ከሆነ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ንም አንሱ፣ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል።

ካልተስማማችሁ መጀመሪያ ቅሬታ በጽሑፍ፣ ከዚያ ማህበሩ፣ ከዚያ የአካባቢያችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት። ሠራተኛ ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጋችሁ 3 ወር ብቻ ነው ያላችሁ፣ ለደመወዝና ለሌሎች ክፍያዎች 6 ወር። «ሽማግሌ ልከን እየተነጋገርን ነበር» ብሎ በ4ኛው ወር የመጣ ጓደኛዬ ነበረኝ፣ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ፣ ማህተሙ የጠራ። ሽማግሌ ቀን አያስቆምም፣ ያገኘው ክፍያውን ብቻ ነው።