የፈረንጁን ፊት ለመጨረሻ ተዉት

መጀመሪያ ፊቱን አትዩት። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለችው ፎቶ ቤቴ አሮጌ ፖስት ካርድ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ሰው የአያቱን ሳጥን ሲከፍት ባርኔጣ ያደረገ ጢማም ፈረንጅ ያገኛል፤ ይዞልኝ ይመጣል። «ጋሼ፣ ይሄ ቦቴጎ ነው አይደል?» ጢም ያለው ፈረንጅ ሁሉ ቦቴጎ፣ የጣሊያኑ አገር አሳሽ፣ ይባላል። በዚያ ዘመን ግን ጢም የሌለው አገር አሳሽ ማግኘት ነው የሚቸግረው።

ቡና ገዢ ጆንያውን ከላይ አይቶ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም፤ ወግቶ ከውስጥ ናሙና ያወጣል። እናንተም ካርዱን ገልብጡት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርባው መሐል ለመሐል በመስመር ተከፍሏል? በግራ መልእክት፣ በቀኝ አድራሻ የሚጻፍበት ካርድ እንግሊዝ አገር በ1902፣ ፈረንሳይ በ1904 ገደማ፣ ጀርመን በ1905 ነው የተፈቀደው። ከዚያ በፊት ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር። ሰላምታው ከፊት፣ ከሥዕሉ ጥግ ተጨናንቆ ነው የሚጻፈው። እንዲህ ያለ ካርድ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ዕድሜ አለው።

ከዚያ ቴምብሩን እዩ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ ለሚላክ ካርድ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ፈረንሳዮች በጅቡቲ የሚሸጡት ቴምብር ይጨመርበታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተለጥፈው ካያችሁ ካርዱ ከ1908 በፊት የተላከ ነው ማለት ይቻላል። ቴምብሩን ለመንቀል እንዳትሞክሩ፣ አደራ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ካርድ ሦስት ቀን አለው፦ ፎቶው የተነሣበት፣ ካርዱ የታተመበትና በፖስታ የተላከበት። የፖስታ ማኅተሙ የሚነግራችሁ የመጨረሻውን ብቻ ነው። በ1890ዎቹ የተነሣ ፎቶ አርባ ዓመት ቆይቶ በጣሊያን ጊዜ እንደገና ሊታተም ይችላል። የወረቀቱ ጀርባ ላይ «ፌራኒያ» የሚል የጣሊያን ፋብሪካ ስም ካለ፣ በእጃችሁ የያዛችሁት በአሳሾቹ ዘመን የታጠበ ፎቶ አይደለም። ፋብሪካው ወደ ፎቶ ሥራ የገባው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ ነው።

ፎቶ ይሁን ኅትመት ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል። የስልክ ካሜራም ጠጋ ሲደረግ ይሠራል። ጥቃቅን ነጠብጣብ በመስመር ተደርድሮ ከታየ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ጥላው ያለ ነጠብጣብ ለስልሶ ከሄደ እውነተኛ ፎቶ ነው። መብራቱን ደግሞ ከጎን አብሩት። የጠፋ የእርሳስ ጽሑፍና የፎቶ ቤት ማኅተም ብቅ የሚለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ፊት ለፊቱ። ገና ፊቱን አይደለም! ሥዕሉ ተገልብጦ እንዳይሆን ነው የምታዩት። የመስታወት ኔጋቲቭ በተሳሳተ ጎኑ ከታተመ ቀኝ ግራ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው። የድሮ የእኛ ሰው ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነው፣ የፈረንጅ መኮንን ደግሞ በግራው። የፈረንጅ ወንድ ኮት ሲቆለፍ የግራው ክፍል ከላይ ይሆናል። ጎራዴውም ኮቱም ተቃራኒ ከሆኑ ሥዕሉ ተገልብጧል፤ ከማንም ጋር ከማነጻጸራችሁ በፊት በስልካችሁ መልሳችሁ ገልብጡት። አለዚያ ፀጉሩ የተከፈለበትን መስመር በተሳሳተ ጎን ፈልጋችሁ «እሱ አይደለም» ትላላችሁ።

ቀጥሎ ከፈረንጁ አጠገብ የቆሙትን ሰዎች እዩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ክፍል ነው፤ ሰብሳቢዎች ግን እንደ ዛፍ ያልፏቸዋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነው፤ ያረፉት በ1932። እሳቸው በካርዱ ላይ ካሉ ጥሩ ሰዓት አገኛችሁ። ጎልማሳ ናቸው ወይስ ሸምግለዋል? ጅማ ሙዚየም ገብታችሁ ወይም ጅሬን ቤተ መንግሥት ወጥታችሁ የእሳቸውን ምስሎች አይታችሁ አወዳድሩ። ጅሬን ከወጣችሁ አይቀር የእንጨት ሰገነቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ በሥዕሉ ላይ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው ቤት እሱ መሆን አለመሆኑን ትለያላችሁ። ረዣዥም ባሕር ዛፍ ከታየ ደግሞ ቀኑን ወደ እኛ ዘመን ሳቡት። ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው።

ዘመኑ ከታወቀ በኋላ ማን በዚያን ጊዜ እዚህ ነበር ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ቼኪ እና ኪያሪኒ የሚባሉት ጣሊያኖች በ1870ዎቹ መጨረሻ ጌራ ደርሰዋል፣ ኪያሪኒ እዚያው በ1879 ሞተ። ፈረንሳዊው ዡል ቦሬሊ በ1888 ጅማ ነበር። ሩሲያዊው የፈረሰኛ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ (የዛሬው ቱርካና) ሲወርድ በዚሁ አልፏል፤ ከአባ ጅፋርም ጋር ተገናኝቷል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 እና በ1909 ወደ ከፋ ተጉዟል። ቦቴጎስ? ከሶማሌ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ኦሞን ተከትሎ ሩዶልፍ ደረሰ፣ ከዚያ በምዕራብ በኩል ዞሮ በመጋቢት 1897 ወለጋ፣ ጊዳሚ አካባቢ ተገደለ። ጅማ አልገባም። ስለዚህ ጅማ የተነሣ ፎቶ ላይ ያለው ጢማም ሰውዬ እሱ ሊሆን አይችልም፣ ምንም ያህል ቢመስል።

እንግዲህ አሁን ፊቱን እዩ። ጢምና ባርኔጣ ዋጋ የላቸውም፣ ይለወጣሉ። የጆሮውን ቅርጽ፣ የጆሮው የታችኛው ጫፍ ከጉንጭ ጋር መጣበቅ አለመጣበቁን፣ የአፍንጫና የቅንድብ አቀማመጡን ተመልከቱ። ቡላቶቪች ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንዱ ፎቶ ላይ የሁሳር (የፈረሰኛ ጦር) ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት መኮንን ነው። ኋላ ግን መንኩሶ ግሪክ ያለው የገዳማት ተራራ አቶስ ገባ፤ አባ አንቶኒ ተባለ፣ ጢሙም ደረቱ ላይ ወረደ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ያየ አንድ ሰው ናቸው አይልም። ጆሮው ግን ያው ነው።

ፊት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያጣላ ለማወቅ የመን ባለችው ወደብ በኤደን የተነሣውን ፎቶ ማስታወስ ነው። በ2010 ፓሪስ ላይ አንድ የቡድን ፎቶ ወጣ። ኤደን ከሚገኝ ሆቴል በረንዳ ላይ የተነሣ ነው። ከተቀመጡት አንዱ በሐረር ነጋዴ የነበረው ገጣሚ ራምቦ ነው ተባለ። ስለ አፍንጫውና ስለ ዓይኑ ብዙ ተጻፈ። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን አጠገቡ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑና መቼ ኤደን እንደነበሩ ቆጠሩ። ፎቶው የ1879 ነው ብለው ተከራከሩ፤ ራምቦ ደግሞ ኤደን የደረሰው በነሐሴ 1880 ነው። ክርክሩን ያከበደው አጠገቡ ያሉት ሰዎች ኤደን የነበሩበት ቀን እንጂ አፍንጫው አይደለም።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ምስል በነፃ ይገኛል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» በሚለው ድረ ገጹ ላይ የፓሪስ ጂኦግራፊ ማኅበርን የአሳሾች ፎቶ ስብስብ አስቀምጧል። ጎግል ሌንስም ይሞከር፣ ግን የመጀመሪያውን መልስ አትመኑ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ ፊት የሚያጠሩትን አፖች። ልጆች አጥርተው፣ ቀለም ቀብተው ያመጡልኛል፤ ያምራል። ግን አፑ የጎደለውን ዓይንና ጆሮ ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው። የፈጠረውን ጆሮ ከቡላቶቪች ጆሮ ጋር ማወዳደር ምን ይረባል?

ስካን ስታደርጉ ጥራቱን 600 ዲፒአይ ላይ አድርጉት፣ ጀርባውንም ጭምር። ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙቀቱም ሙጫውም ፎቶውን ይጨርሰዋል። በጀርባው ላይ በቢክ አትጻፉ። ያገኛችሁትን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ማን እንደሰጣችሁና ከየትኛው ሳጥን እንደወጣ ሳይቀር። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ምናልባት ቢበር፣ 1909፣ ቴምብሩና ቦታው ይስማማሉ፣ ፊቱ አልተረጋገጠም» ብላችሁ ተዉት። ካርዱን ለመስጠት ወይም ለማሳየት ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድሮ ፎቶ ክምችት አለው፤ ስትሄዱ ያቺን ወረቀት አብራችሁ ያዙ።