በኮምፒውተር ላይ ያለ ፓኬጅ ለፕሮጀክት አመንጪ ሲሰጥ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄው

በክሪኤት ሪአክት አፕ (የሪአክት ፕሮጀክት መነሻ ፋይሎችን በሚያዘጋጅ አመንጪ ፕሮግራም) አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር፣ «ስክሪፕትስ ቨርሽን» በተባለው አማራጭ በኩል ራስዎ ያሻሻሉትን ፓኬጅ (በአንድ ላይ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ከኮምፒውተርዎ ላይ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2025 ለአዲስ ሥራ እንዳይመረጥ በይፋ ቢገለጽም፣ እዚህ የሚነሣው ችግር የራሱን አመንጪ የሚጽፍ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ምልክት፦ ፎልደሩ በቦታው እያለ ኤንፒኤም (ፓኬጆችን የሚጭነው ፕሮግራም) እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይላል። እዚህ ላይ በስሕተት መልእክቱ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ሥራ» ውስጥ «ሙከራ» እና «ስክሪፕቶች» የተባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ እንበል፤ እርስዎ «ሙከራ» ውስጥ ሆነው፣ በሁለት ነጥብና በስላሽ (../) አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ «ስክሪፕቶች»ን እንዲወስድ ሲያዙት፣ መልእክቱ «ስክሪፕቶች»ን የፈለገው በ«ሙከራ» ውስጥ መሆኑን ያሳያል።

ምክንያት፦ አመንጪው በመጀመሪያ የአዲሱን ፕሮጀክት ፎልደር ይፈጥራል፤ ቀጥሎ ወደዚያው ገብቶ ኤንፒኤምን ስለሚጠራ፣ አድራሻው የሚቆጠረው ትእዛዙ ከተጻፈበት ቦታ ሳይሆን ከአዲሱ ፎልደር ነው።

መፍትሄ፦ ከአድራሻው በፊት «ፋይል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ኮለን (file:) ያስቀድሙ፤ ክሪኤት ሪአክት አፕ ይህን ሲያይ አድራሻውን እርስዎ ካሉበት ቦታ ተነሥቶ ሙሉ ያደርገዋል። ከኮለኑ በኋላ ሙሉ አድራሻ መጻፍም ይሠራል። የፎልደሩን ስም ብቻ ከጻፉ ግን እንደ ፓኬጅ ስም ተቆጥሮ በሬጂስትሪው (ኤንፒኤም ፓኬጆችን በሚያወርድበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ውስጥ ይፈለግና የ404 (አልተገኘም የሚል) ስሕተት ይመጣል።

አመንጪውን የሚጽፉት እርስዎ ከሆኑ፣ ወደ አዲሱ ፎልደር ከመግባትዎ በፊት የነበሩበትን ቦታ መዝግበው አድራሻውን በኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) «ፓዝ ሪዞልቭ» በተባለው ተግባር ሙሉ ያድርጉት። የፓኬጁን ስም ከፎልደሩ ስም መገመት አይገባም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ፣ ስሙ በፓኬጁ ውስጥ ካለው፣ ስሙንና ሌላ መረጃውን ከሚይዘው የፓኬጅ ጄሰን ፋይል መነበብ አለበት።

ሌላው ምልክት፣ ፓኬጁ ተጭኖ ሳለ ሥራ ሲጀምር ሞጁል (የሚፈለግ የኮድ ክፍል) አልተገኘም የሚል ስሕተት መምጣቱ ነው። ኤንፒኤም ከፕሮጀክቱ ውጭ ያለን ፎልደር አይገለብጥም፤ ሲምሊንክ (ወደ ፎልደሩ የሚጠቁም አገናኝ) ብቻ ይፈጥርና ፓኬጁ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ሳይጭን ያልፋል። ስለዚህ በፓኬጁ ፎልደር ውስጥ ገብቶ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ማስኬድ ይበቃል። የተሻለው ግን በ«ኤንፒኤም ፓክ» ትእዛዝ የሚወጣውን የቲጂዚ (የታመቀ) ፋይል በሙሉ አድራሻው መስጠት ነው፣ ምክንያቱም ይህ ፓኬጁ ሲታተም የሚኖረውን መልክ ስለሚያሳይ የጎደለ ፋይል ካለ ቀድሞ ይታያል። ፓኬጁን ባሻሻሉ ቁጥር ግን የቲጂዚ ፋይሉን እንደገና ማዘጋጀት ያስፈልጋል።